የጋሽ ታደሰ የልብ ወረቀት

ሕመሙን እንደ ዲፕሎማ የሚያሳይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎረቤት አለኝ። ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። አምና ኢሲጂ ተነሥተው የልብ ምታቸው የተሣለበትን ወረቀት ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ከኪሳቸው ወጥቶ አያውቅም ብል ውሸት ነው፤ ኪስ ገብቶ አያውቅም። ከኤረር በር እስከ ጊደር መጋላ ገበያ ያላየው ነጋዴ የለም። ፀሐይ ላይ ዘርግተው እንደ ካርታ ያስረዳሉ።

«ይኸውልህ፣ ወደ ግራው የልቤ ክፍል የሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመር ተዘግቷል። ጀጎል ውስጥ የሠርግ ድንኳን መንገድ ሲዘጋብህ በሌላ ዞረህ ቤትህ ትገባ የለም? የእኔም በቀኝ ዞሮ ነው፤ ይዘገያል እንጂ ይደርሳል።»

እኔማ በጤነኛ ልቤ አፈርኩ።

ባለፈው ሳምንት ደረታቸውን ወጋቸውና ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ አዲስ ኢሲጂ አነሣችና፣ «አባቴ፣ የድሮው ወረቀት አለዎት? መስመሩ የተዘጋው ድሮ ከሆነ ያን ያህል አያስደነግጥም፤ አሁን ከሆነ ግን ያሰጋል» አለች።

ጋሽ ታደሰ ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁ ኖረዋል። በኩራት ዘረጉት። ነጭ ወረቀት! ፀሐይ መስመሮቹን አንድ ሳታስቀር በልታቸዋለች።

«ከተማው በሙሉ አይቶታል እኮ!» አሉ።

ሐኪሟ ከተማውን በሙሉ ለምስክርነት መጥራት ስለማትችል ለክትትል አስተኛቻቸው።

በማግስቱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ደግነቱ ደህና ናቸው። ከትራሳቸው ሥር አዲሱን ወረቀት መዘው ሰጡኝና፣ «ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገህ እየው» አሉኝ፤ «ፀሐይ ላይ ነው ጥርት ብሎ የሚታየው።»