የሁለተኛ ጸሐፊው ሻንጣ

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ያሉት አባቶቻችን፣ ቡታጅራ ላይ ጡረታ የወጣ ዲፕሎማት አልገጠማቸውም መሰለኝ። የሩቅ አገር ወሬ እኛ ዘንድ እያደር ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ምስክር የለዋ! እርስዎም መቼም እንዲህ ያለ አንድ አጎት አያጡም።

የእኔው ጋሽ ሽብሩ ናቸው፤ የእናቴ ወንድም። ድሮ አንድ በረዷማ አገር፣ ኤምባሲያችን ውስጥ ሁለተኛ ጸሐፊ ሳሉ የዚያ አገር መንግሥት ተገለበጠ። ባልደረቦቻቸው ሲወጡ እሳቸው ቢሮ ሊጠብቁ ቀሩ። መጀመሪያ ሲያወሩት ጥይት በመስኮቱ አጠገብ አልፎ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ባርኔጣቸውን ይዞት ሄደ፤ ባለፈው ገና ደግሞ ታንክ በእጃቸው አስቁመዋል። ማስረጃው ሁሉ ቁልፉ በጠፋ ቡናማ ሻንጣ ውስጥ ነው። «የመንግሥት ምስጢር ነው» ይላሉ። አለቀ።

ታዲያ በቀደም ራህመት የምትባል ወጣት የታሪክ መምህርት ከወልቂጤ መጣች። እንዲህ ያሉ የግል ወረቀቶችን ለተማሪዎቿ ትሰበስባለች። ጋሼ ከረባት አስረው ተቀበሏት፤ ታንኩንም ደህና አድርገው አስቆሙላት። «ምን ያደርጋል፣ ቁልፉ ጠፋ እንጂ» ሲሉ ግን ባለቤታቸው እትዬ ብርነሽ ስልክ አነሱ። የሚደውሉት ለእኔ ነው፤ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። መሮዬን ይዤ ከተፍ አልኩ።

«ተው ልጄ፣ ምስጢር ነው!» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ።

«የዚያም መንግሥት ወደቀ፣ የኛም ወደቀ፤ ከማን ነው የምትደብቀው?» አሉ እትዬ፤ ወደ እኔ ዞረውም «ክፈተው!» አሉኝ።

ከፈትኩት። ታንክ የለም፤ ደብተር አለ። ራህመት ጮክ ብላ አነበበች፦ «ዛሬም ይተኮሳል። ሦስት ቀን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነኝ። ገንዳው ውስጥ ተኝቼ አለቀስኩ።»

ጋሼ አቀረቀሩ። «ወላሂ አልቀጥልም» አለች ራህመት ደንግጣ። እትዬ ግን «ቀጥይ» አሏት።

«ጌታ ሆይ፣ በሕይወት ብታወጣኝ ለብርነሽ ቃል እገባለሁ። ላንጋኖ ወስጄ አዝናናታለሁ። የክትፎው ቅቤ አነሰ ብዬ አልነጫነጭም። እናቷ ስትመጣ ጋዜጣ ገልጬ አልደበቅም። ደግሞም እንደምወዳት በየቀኑ እነግራታለሁ፤ ደፍሬ ነግሬያት አላውቅምና።»

እትዬ በሳቅ ፈነዱ። ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ እኛንም አሳቁን፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ፈርቼ ነበር» አሉ ጋሼ በቀስታ።

«አውቃለሁ። ተመልሰህ ስትመጣ በር ሲንጓጓ ትዘል አልነበር?»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?»

«ታንኩ ደስ ይልህ ነበራ!»

ራህመት ወረቀቶቹን ለመውሰድ ፈቃድ ስትጠይቅ ጋሼ «ሁሉንም! አንድም አታስቀሪ!» አሉ በጥድፊያ። እትዬ ግን ያቺን ገጽ መዝዘው ጉያቸው ከተቷት። «ታሪክ ያለቀ ነገር ነው ልጄ፤ ይሄ ገና መች ተጀመረና!»

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ አገኘኋቸው፤ ወደ ላንጋኖ ሊሄዱ ነው። ጋሼ ግራ ቀኙን አይተው ጎንበስ አሉና በሚስታቸው ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አሉ።

«አልሰማሁም!» አሉ እትዬ ብርነሽ፣ መናኸሪያው ሁሉ እስኪዞር። ጆሯቸው እኮ ከእኔ ይበልጥ ይሰማል።