ማንም ያልቀደመበት የታንኳ ውድድር

ሰው እንዴት ባለሥልጣን እንደሚሆን አስባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ተምሮ ይሾማል፣ አንዱ ተዋግቶ፣ አንዱ ደግሞ የሹሙን እህት አግብቶ። እነዚህ የታወቁ መንገዶች ናቸው፤ አልነቅፋቸውም። ጓደኛዬ ምትኩ ግን የተሾመው ሽንቱ መጥቶበት ነው።

አትሳቁ። ዘመኑ የደርግ ነው። ባሕር ዳር አንድ ትምህርት ቤት አብረን እናስተምር ነበር፤ እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ ስፖርት። አንድ ቅዳሜ ስብሰባው ሦስተኛ ሰዓቱን ሲይዝ ካድሬው «የአውራጃውን ስፖርት በኃላፊነት የሚመራ ቆራጥ ጓድ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። (እኔ የስፖርት አስተማሪው ለምን ዝም እንዳልኩ አትጠይቁኝ፤ ጫማዬ በጣም ደስ የሚል ጫማ ነበር።) ምስኪኑ ምትኩ ጥያቄውን አልሰማም። የጨነቀው ሌላ ነገር ነበርና ለመውጣት ፈቃድ ሊጠይቅ እጁን አወጣ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሽንት ቤት የደረሰው ተሹሞ ነው።

ሥራውን ግን አልበደለውም። ሜዳ አስጠረገ፣ መረብ አስሰፋ፣ የቀበሌ እናቶችን ሳይቀር ገመድ አስጎተተ። ችግሩ አለቆቹ የሚፈልጉት ስፖርት ሳይሆን ትርኢት መሆኑ ነው። ለአብዮት በዓል ያዘጋጀው ትርኢት ደግሞ ሁለት ዓመት በተከታታይ ተበላሸበት፤ አንዴ ዝናብ ሰልፉን በተነው፣ አንዴ የጉግስ ፈረሶች ደንብረው የክብር እንግዳው ድንኳን ውስጥ ገቡ። በሦስተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣለት፤ በዓሉ ዘንድሮም ካላማረ «ይበልጥ ወደሚፈለጉበት ቦታ» ይዛወራሉ ይላል። ያ ቦታ የት እንደሆነ በዚያን ጊዜ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሰሜን፤ ጦር ግንባር። ሚስቱ አልማዝ ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ ወፍራም ሹራብ ትሠራለት ጀመረች። ምትኩ ያን ሹራብ ባየ ቁጥር እህል አልወርድ ይለው ነበር።

ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና የታንኳ ውድድር አመጣ። ጣና እዚህ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እዚህ፣ ቀዛፊው እዚህ! ከሐይቁ ዳር አሥራ አንድ ጎረምሶች መረጠ፤ ውድድሩ እንዲደምቅለትም አያ ጥሩነህን ለምኖ አስገባ። አያ ጥሩነህ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት እህልና እንጨት ሲያመላልሱ ያረጁ፣ በዳርቻው ሁሉ የተከበሩ ሰው ናቸው። አሥራ አንዱንም ቀዘፋ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የምትኩ ስህተት ይኸው ነበር። ጂኦግራፊ የሐይቁን ጥልቀት ያስተምራል እንጂ፣ በሐይቁ ላይ ታናሽ ታላቁን ጥሎ እንደማያልፍ አያስተምርም።

በዓሉ ደረሰ። ከአዲስ አበባ የመጡት የክብር እንግዳ ድንኳኑ ሥር ተቀመጡ፣ እኔ ማይክራፎን ያዝኩ፣ ፊሽካው ተነፋ። ታንኳዎቹ ጥቂት እንደሄዱ ነገሩ ገባኝ። አያ ጥሩነህ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለው ይቀዝፋሉ፤ ጎረምሶቹ ከኋላቸው ተደርድረው መቅዘፊያቸውን ውኃ እያስነኩ ያወጣሉ። አንዱ ሳያስበው ቀድሟቸው ኖሮ፣ ዞር ብሎ ሲያያቸው ደንግጦ ታንኳውን መለሰ። በውድድር ላይ ወደ ኋላ የሚቀዝፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ። ደግመው አዩ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ምትኩ አዞሩ። የምትኩ ከንፈር ድርቅ ሲል አየሁ፤ አልማዝና አራቱ ልጆቹ ናቸው የታዩኝ። ድንገት ማይክራፎኑን ከእጄ ነጠቀ።

«ጓዶች!» አለ። «በአድኃሪው ሥርዓት ሰው የሚሮጠው ወንድሙን ጥሎ ለማለፍ ነበር! ዛሬ በጣና ላይ የምታዩት ግን አዲሱ ስፖርት ነው! ማንም ማንንም ጥሎ አይሄድም! አብሮ መነሣት፣ አብሮ መድረስ!»

ከዚያ እንግዳው ብድግ ብለው የግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ሰማይ ወረወሩ። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። አያ ጥሩነህ ከፊት፣ አሥራ አንዱ ግራና ቀኝ ተከትለው ዳር ሲደርሱ እውነትም አምረው ነበር፤ ዓመት ሙሉ ቢለማመዱት እንዲያ አያምርም። እኔም ሳላስበው እያጨበጨብኩ ነበር።

ዋንጫው በአሥራ ሁለቱም ስም ለአያ ጥሩነህ ተሰጠ። ተቀብለው ወደ እኔ ጠጋ አሉና ቅር እንዳላቸው፣ «ልጄ፣ እኔስ ይለፉኝ ብዬ ነው እጄን የያዝሁት» አሉኝ። «ልጆች ናቸው፣ ዋንጫው ለነሱ ይሁን ብዬ ዘገየሁ። እነሱ ብሰው ዘገዩ! እዚያው ውኃው ላይ ልናድር ነበር እኮ!»

ይህን ለእንግዳው አልነገርኳቸውም። እሳቸው ምትኩን አቅፈው እየሳሙ፣ «እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለክፍለ ሀገር ይበዛል» ይሉ ነበር። ወር ሳይሞላ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ የመጀመሪያ ሥራው አብሮ የመድረስን ስፖርት ለመላው አገር ማጥናት ሆነ። የመቶ ሜትር ሯጮቹ ምን እንዳሉት አልሰማሁም።

እኔ የማልረሳው ግን የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ነው። አብሬው ወደ ቤቱ ሄድኩ። ፈርታ በዓሉ ላይ ያልመጣችው አልማዝ ከነልጆቿ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«ማን ቀደመ?» አለችው።

ምትኩ ትንሹን ልጁን አንሥቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠ።

«ማንም አልቀደመም። እኔ ግን ቤቴ ገባሁ።»