ሽማግሌው ያለቀሰ ዕለት

ሽምግልና የአፍ ሥራ ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ንግግር ማሳመርና ፈጣሪን ደጋግሞ መጥራት ካወቀ የቀረው የአባትየው ፈንታ ነው እል ነበር። ለካ ሽማግሌ የሚመዘነው በዓይኑ ነው። ከበሩ ሲገባ መሬት መሬት ያያል፤ አባትየው ሲናገሩ ቀስ ብሎ ቀና ይልና ዓይኑን መልሶ ይሰብራል። እስቲ በየሠፈራችሁ ደህና ሽማግሌ የሚባሉትን አስቡ፤ የሁሉም ዓይን ግማሹ የተከደነ ነው። እንቅልፍ ይሁን ትሕትና የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ይሠራል።

የእኔ ዓይን አልከደንም ያለው ባለፈው ክረምት ነው። መጀመሪያ ልቤ ያለ ምክንያት ይሮጥ ጀመር፤ ከዚያ ሱሪዬ ሰፋ፤ ከዚያ ዓይኖቼ ልክ አሁን እንደተሰደበ ሰው ፈጠጡ። አዲሱ ገበያ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ ገና ሳልቀመጥ “ፋዘር፣ ምን አጠፋሁ?” ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ላስፈራራበት ፈልጌ ያጣሁትን ዓይን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አገኘሁት።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። አንገቴ ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ እንዳለች፣ የሰውነቴ መከላከያ ተሳስቶ እሷንም ከዓይኔ ኋላ ያለውንም ሥጋ እንደ ባዕድ እንደቆጠረ በትዕግሥት አስረዳችኝ። እዚያ የተሰበሰቡት ሕዋሳት ቁጣ የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖች ይለቃሉ፤ ፕሮቲኖቹ ሌሎች ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ ቦታው ያብጣል፤ ዓይንም መቀመጫ ሲጠበው ወደ ውጭ ይገፋል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ ይዤ የወጣሁት “ፕሮቲን” የሚለውን ነበር። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው። ቤቴ ገብቼ ሽሮና ምስር ዕርም አልኩና አንድ ሳምንት በጎመን ብቻ ጾምኩ። በቀጠሮዬ ይህንኑ በኩራት ስነግራት ሐኪሟ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሳቀች። “አባባ፣ ሽሮው ምንም አላደረገዎትም” ብላ ኪኒን፣ ጥቁር መነጽርና ለዓይኔ ድርቀት የሚሆን ጠብታ አዘዘችልኝ። የጠብታው ስም “ሰው ሠራሽ እንባ” ነው። አሁን ወሬ የማሳምር አይምሰላችሁ፤ ስሙ እንደዚያ ነው።

የእህቴ ልጅ ሚኪያስ “ጋሼ፣ ሽማግሌ ሁነኝ” ብሎ የመጣው በዚህ መሃል ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያለሁት እኔ ነኝና እምቢ ማለት አልችልም። አራት ዓመት የወደዳት ልጅ ትርሲት ትባላለች፤ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ የአቶ ሻኖ ልጅ ናት። አቶ ሻኖ የዕድራቸው ዳኛ ሲሆኑ ከዚህ በፊት የሁለት ሰው ሽማግሌዎች ከደጃቸው መልሰዋል። ትርሲት ደግሞ ሚኪያስን ብትወደውም አባቷ እምቢ ካሉ እንደማትመጣ ቁርጡን ነግራዋለች። እንግዲህ የልጁ ዕጣ በእኛ በጡረተኞች እጅ ወደቀ ማለት ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሣን። መሪያችን ጋሽ በቀለ የአቶ ሻኖ በር ላይ ሲደርሱ ጥቁር መነጽሬን አዩና ቆሙ። “በዚህ ሁኔታ ልጅ ልትጠይቅ ነው? ደኅንነት መሰልን እኮ!” አሉኝ። አወለቅሁ። ብርሃኑ ዓይኔን ሲወጋው ያን ጠብታ በሁለቱም በኩል ሳልሰስት አንቆረቆርኩበትና ገባን።

ከበሽታው ጣጣ አንዱ አንዱን ሁለት አድርጎ ማሳየቱ ነው። ስለዚህ ሁለት አቶ ሻኖ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የትኛቸው ልጅ እንዳላቸው ስላልታወቀኝ ለሁለቱም እጅ ነሣሁ። ጋሽ በቀለ እንደ ወጉ ቁመው “ልጅዎን ለልጃችን” ብለው ሲጀምሩ ዓይኔ ውስጥ የሞላው ጠብታ ሞልቶ ፈሰሰ። ባብሰው ባሰ። ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሴቶች ከንፈር መጠጡ፤ አንዷማ ንፍጧን ስትስብ ሰማኋት።

ጋሽ በቀለ አካሄዴን የወደዱት መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አቶ ሻኖ ግን አንዲት ክር ብትሳሳ የምትታያቸው ሰው ናቸው።

“ቆዩ እስቲ” አሉ። “ሽማግሌ ሲለምን አይቻለሁ። ሲያለቅስ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ልጁ ምን ቢሆን ነው?”

አያችሁ? የእህቴን ልጅ ልድር ሄጄ በሽተኛ፣ ምናልባትም ሌላ ሚስት ያለው አድርጌው አረፍኩ። መናገር ግድ ሆነ። የዕድር ዳኛ መሆናቸውን አስቤ በዕድር ገባሁ። “አቶ ሻኖ፣ ጥሩምባ ነፊያችሁ አንድ ቀን አብዶ ማንም ሳይሞት ቢነፋስ? የሰማው ሁሉ ይመጣል። የመጣው ሌላውን ይጠራል። ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ይደረደራል፤ ሬሳ የለም፣ ወደ ቤቱ የሚሄድም የለም። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ከዓይኔ ኋላ ተቀምጧል። ባለቤቱ ዓይኔ ቦታ አጥቶ ደጅ ወጣ። ጥሩምባ ነፊዎቹን ሐኪሞቹ ፕሮቲን ይሏቸዋል። እንባውም የፋርማሲ ነው” ብዬ ብልቃጡን ከኪሴ አወጣሁ።

አቶ ሻኖ ብልቃጡን አገላብጠው አዩት። “እንዲህ ያለ ጥሩምባ ነፊ እኛም ነበረን” አሉና ሊስቁ ሲሉ ተዉት። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

“በዘር ይሄዳል?”

ጋሽ በቀለ እግሬን ረገጡኝ። ሐኪሟ የነገረችኝን አውቃለሁ፤ በቤተሰብ ውስጥ ይታያል፣ ሁሉን ግን አይዝም ብላኛለች። አልዋሻችሁም፣ መዋሸት ፈልጌ ነበር። ሚኪያስ ታች ካፌ ተቀምጦ ስልኩን እያገላበጠ ይጠብቀኛል። ግን ውሸት ዓይን መስበር ይፈልጋል፤ የእኔ ደግሞ አልሰበር ብሏል። “አዎ፣ በቤተሰብ ይታያል ይላሉ። እኔ አጎቱ ነኝ” አልኩ። የጋሽ በቀለ ጫማ እግሬ ላይ ከበደ።

አቶ ሻኖ ወደ መሬት ማየት ጀመሩ፤ ያን ጊዜ የሽማግሌው ቦታ የእሳቸው ሆነ። የእህቴን ልጅ በገዛ አፌ ገደልኩት ብዬ በጣም አዘንኩ።

መጋረጃው ተገለጠ። የወጡት የትርሲት እናት ወይዘሮ አስቴር ናቸው። ባለ ሰፊ ጥለት የአንገት ሻርፕ በእጃቸው ይዘዋል፤ አንገታቸው ላይ ከዳር ዳር የሚሄድ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ይታያል።

“አስቴር!” አሉ አቶ ሻኖ።

“ምን አስቴር ትለኛለህ? እሳቸው የራሳቸውን ተናግረው እኔ ጓዳ ልደበቅ?” አሉና ወደ እኛ ዞሩ። “የእኔም ታይሮይድ ነው። ተቀድጄ ወጥቶልኛል። ልጄን የሚጠይቅ ቤት ካየኝ ይተዋታል ብዬ በበጋ እንኳ ይሄን ሻርፕ አላወልቅም። እሱ ነው ሠርቶ የሰጠኝ። ዛሬም ‘እስኪሄዱ ጓዳ ቆይ’ ተባልኩ።”

አቶ ሻኖ ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሻርፑን አዩ። “ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ማን እንዳያየን ነው የተደበቅነው?” አሉ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። ጋሽ በቀለ እግራቸውን ከእግሬ ላይ አነሡልኝ።

እሺ ግን አላሉም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የበዛችበት ይመስላል፤ ስለዚህ በሁለት ሳምንት ተመለሱ ተባልን።

ተመለስን። እኔ መነጽሬን ትቼ፣ የዕድሩንም ምሳሌ አሻሽዬና አርዝሜ ሄድኩ፤ የሚጠይቀኝ ዘመድ አይጠፋም ብዬ። ወይዘሮ አስቴር አንገታቸውን ገልጠው ከእኛው ጋር ተቀመጡ። አቶ ሻኖ ገና ሳንጨርስ “ሰጥተናል” አሉ፤ እልልታው ቀለጠ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ሠርጉ ከጥምቀት በፊት ይሁን በኋላ፣ ድንኳኑ የት ይተከል የሚል ብቻ ሆነ። የእኔን ዓይን ያየ የለም፤ የወይዘሮ አስቴርን አንገት ያየ የለም።

እውነቱን ልንገራችሁ? ሁለታችንም ቅር ብሎናል።