ጋሽ አለባቸውና አሥራ ሁለተኛው ቦኖ

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ሁሉ አንድ የማያምን ሰው አይጠፋም። እግዜርን የማያምን ማለት አይደለም፤ እሱንማ ጧት ማታ ይማጸናል። ወሬ የማያምን ነው። በሩ ተቆልፏል ቢሉት ተመልሶ ይነቀንቀዋል። ዝናቡ አባርቷል ቢሉት እጁን በመስኮት ያወጣል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቢሮ የታደለ ነው፤ ሥራው በቀኑ ያልቃል፣ ሠራተኛውም ምሳውን በሰላም ይበላል።

ጁባ ውስጥ፣ ሀይ ጀላባ በሚባል ሰፈር ካለ አንድ ፎቅ ላይ፣ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ሊቀ ተጠራጣሪዎች ክቡር ጋሽ አለባቸው ነበሩ። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት በውሃ ቢሮ ቧንቧና ቆጣሪ ሲከተሉ ኖረው፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው የከተማዋን የውሃ ካርታ የሚሠራ አማካሪ ድርጅት በመስክ አረጋጋጭነት አመጣቸው። ሥራው ጂአይኤስ ይባላል። ቧንቧው፣ ጉድጓዱ፣ ቦቴ የሚሞላበት ጣቢያ፣ የሰዉ ቤት ሁሉ በያለበት ነጥብ ሆኖ ኮምፒውተር ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ለማን መድረስ እንዳለበት ካርታው ይናገራል። ካርታው የሚናገረውን የምትጽፍለት ደግሞ ፀደንያ ነበረች።

ፀደንያ ከሳተላይት የተነሣውን የጁባ ፎቶ ዘርግታ ጣሪያ በጣሪያ ስትሥል ሦስት ወር ሆኗታል። ዓይኗን ስትጨፍን ቆርቆሮ ያብረቀርቅባታል። የሠራችውን ይዛ ወደ ጋሽ አለባቸው በሄደች ቁጥር ግን መልሳቸው አንድ ነው።

"አይተሽዋል ወይስ ሰምተሽዋል?"

"ፎቶው ላይ አለ እኮ፣ ጋሼ።"

"ፎቶማ ወሬ ነው፤ በቀለም የተወራ ወሬ።"

ከዚያ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ጂፒኤሱን እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይወጣሉ። ሳይረግጡት የሚመዘግቡት መሬት የለም።

ሀይ ማላካል የሚባለው ሰፈር ምሳ የሚበሉባት ማናህሎሽ ሽሮ አልቋል ብትላቸው ተነሥተው ድስቱን ከፍተው ያያሉ፤ በዚህም ምክንያት ጓዳ እንዳይገቡ ለአንድ ወር ታግደዋል። አንድ ቀን ገበያው መሐል አንዳች ነገር ጮኾ ሰዉ ተኩስ ነው ብሎ ሲበተን፣ እሳቸው የሚሮጠውን እያስቆሙ አየህ ወይስ ሰማህ ሲሉ ቆዩና፣ ጠይቀው ሲጨርሱ መንገዱ ላይ እሳቸውና አንዲት ፍየል ብቻ ቀሩ። የፈነዳው የመኪና ጎማ ነበር። ይህንንም ያወቁት ሄደው ጎማውን ዳብሰው ነው። አንድ አሮጌ ፕላን ላይ የተሠመረን ቧንቧ ለማረጋገጥም ሦስት ቀን አስቆፍረዋል። ቧንቧው አልተገኘም። ጉድጓዱ ዝናብ ሞልቶት የሰፈሩ ሰው የአለባቸው ሐይቅ ብሎ ሰየመው። ፀደንያ ለስንት ዘመን ወረቀት ላይ ብቻ ውሃ ሲወርድበት የኖረውን መስመር እያጉረመረመች ሰረዘችው።

ይህ ሁሉ ለሳቅ ይሆን ነበር፣ የአሥራ ሁለተኛው ቦኖ ነገር ባይመጣ።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2017 ነው። ኮሌራ ከሰፈር ሰፈር ይዞር ነበር፤ ቦኖ ያልደረሰው ሰው የሚጠጣው የወንዙን ውሃ ነውና። ለከተማዋ አሥራ ሁለት ቦኖ ሊተከል ተፈቀደ። መመሪያው ጣሪያ የበዛበት ቦታ ይተከል ይላል። አሥራ አንዱ ቦታ አገኘ። አሥራ ሁለተኛውን ፀደንያ ወደ ረጃፍ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጣሪያ ካለበት ሰፈር መሐል አስቀመጠችው። የካርታው ርክክብ ዓርብ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ጋሽ አለባቸው አቧራ ለብሰው መጡና እዚያ ሰፈር ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ሰዉ ያለው ከዚያ አልፎ፣ ማንጎው ሥር ነው።

የቢሮው ኃላፊ ሠርፀ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀን የሚቆጥር ሰው ነው። "ጋሼ፣ መመሪያው ጣሪያ ነው የሚለው" አላቸው። "ጣሪያ የሌለው ሰው እኛ ጋ አይቆጠርም።"

"እሱን እዚያው ሄደህ ንገራቸዋ።"

ፀደንያን ያንገበገባት ሌላ ነበር። ማንጎ ያሉት ቦታ ካርታዋ ላይ አረንጓዴ ነው፤ "ዛፍ" ብላ በእጇ የጻፈችበት። እኚህ ሽማግሌ የሦስት ወር ድካሟን በአንድ ቃል ሊያፈርሱት ነው። ረቡዕ ጧት፣ ላሳፍራቸው ብላ፣ ሁለት ቦዳቦዳ፣ ሰው የሚያመላልስ ሞተር ብስክሌት፣ ተከራይታ ተከትላቸው ሄደች።

ሰፈሩ ገና ከሩቅ ያብረቀርቃል። ሲቀርቡ ግን ሣሩ እስከ በሩ እጀታ አድጓል። ቁልፎቹ ዝገዋል። የአንዱ ቤት መጋረጃ በመስኮቱ ፍርግርግ ሾልኮ ወደ ውጭ ይወዛወዛል፣ እንግዳ እንደሚጠራ እጅ። የቦዳቦዳው ነጂ ሞተሩን ሳያጠፋ ዙሪያውን አየና "ናስ ማፊ" አለ፣ ሰው የለም ሲል። ፀደንያ አንዱን ጣሪያ አወቀችው፤ ጫፉ ላይ የዛገውን ቦታ ከወር በፊት በጥንቃቄ ዞራ ሥላዋለች። ስትሥለው በልቧ ሰው አስገብታበት ነበር፤ ምድጃ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ሬዲዮ የሚከፍት አባወራ። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ያለፈው ዓመት የሐምሌ ውጊያ መጣ፤ ተኩሱ ሰዉን ጠርጎ ወሰደው፣ ቆርቆሮውን ተወው። ተጠንቅቃ ስትሥል የሰነበተችው የሄዱ ሰዎችን ጣሪያ ነበር።

ጋሽ አለባቸው ለራሳቸው ብቻ፣ በዝግታ፣ ያንጎራጉሩ ነበር፦

ሰው የሌለው ደጃፍ ነፋስ ያንኳኳዋል፤
ሰው ያለበት ጓዳ ማን ገብቶ ያየዋል።

ማንጎዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ቅርንጫፋቸው ተቃቅፎ ሰማይ የማያሳልፍ ጥላ ሠርቷል። ከሥሩ ምንጣፍ፣ ድስት፣ አልጋ፣ በገመድ የተሰጣ ልብስ፣ ከግንድ የተደገፈ ብስክሌት፤ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ተነሥታ መጣች። ፖኒ ትባላለች፤ ልጅነቷን በስደት አዲስ አበባ አሳልፋ የተመለሰች ናትና አማርኛዋ የጎፋ ልጅ አማርኛ ነው።

"እህቴ፣ ዛፍ ናቸው ያልሽን አንቺ ነሽ?" አለቻት።

ሽማግሌው ነግረዋታል ማለት ነው። ሴቶቹ ሳቁ። ፀደንያም ልትስቅ ሞከረችና አቃታት።

ከዚያ መቁጠር ጀመረች። ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ከምንጣፍ ወደ ምንጣፍ እየዞረች አንድ ጊዜ ቆጠረች፣ ደገመች። ሦስት መቶ አሥር። የጋሽ አለባቸውን ደብተር ከፈተች፤ ስሙ ሁሉ በቀጥ ያለ ጽሕፈት ተደርድሯል፣ ግርጌው ላይ ድምሩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። ልቧን ደስታ ቢጤ ነካው። ድስት ከፋቹን፣ ጎማ ዳባሹን፣ ሊቀ ተጠራጣሪዎችን ስህተት ላይ ይዛቸዋለች።

"ሁለት ሰው ይተርፋል እዚህ" አለች ጮክ ብላ።

ፖኒ ደብተሩን አየችና ጣቷን ሁለት ስሞች ላይ አሳረፈች።

"እነዚህ የእኔ ልጆች ናቸው። ጋሽ አለባቸው መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ነበሩ፤ ትልቁ ጂፒኤሳቸውን ይዞላቸው ዞሯል። በሳምንቱ ለማረጋገጥ ብለው ሲመለሱ ግን ልጆቹ አልነበሩም። የጠጡት ውሃ ነው። ይሰርዟቸው አልኳቸው። እስኪርቢቶውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።"

ፀደንያ ዞር ብላ ፈለገቻቸው። ራቅ ብለው፣ ቦኖው ቢተከል ይሻላል ያሉት ቦታ ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተንበርክከዋል። ጂፒኤሱ ሳተላይት እስኪያገኝ እየጠበቁ ነበር። ወይም የሚጠብቁ መስለው ነበር።



ዓርብ ጧት ፀደንያ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ጣሪያ መረጠችና አጠፋች። ለስንት ቀን ሥራ አንድ ቁልፍ በቂ ነበር። አሥራ ሁለተኛውን ቦኖ ወደ አረንጓዴው አዛውራ፣ ለሰዎቹ አዲስ ነጥብ አኖረች። ኮምፒውተሩ የጣሪያውን ዓይነት ጠየቃት፤ ቆርቆሮ፣ ሣር፣ ፕላስቲክ ብቻ ያውቃል፤ ባዶ ቢተዉትም እሺ አይልም። አራተኛ ምርጫ ጨመረችለት፦ ማንጎ።

ሠርፀ ወረቀቱን ይዞ ያቺን ቃል ለረጅም ጊዜ አያት። የሚረከቡት ሰዎች ምን ይሉናል አለ፤ የፈለጉትን ይበሉ፣ ከፈለጉ እኔው ወስጄ አሳያቸዋለሁ አለችው። ተነፈሰ፤ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ።

"የተጠቃሚው ቁጥር ተረጋግጧል?"

"ጋሽ አለባቸው ናቸው የቆጠሩት።"

ጋሽ አለባቸው ከጥግ ጠረጴዛቸው ቀና አሉ። የሚሉት ያለ መሰሉ፤ ኮፍያቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"እሳቸውማ ቆጠሩ" አለ ሠርፀ። "አንቺስ፣ ሄደሻል አይደል? ስንት አገኘሽ?"

ፀደንያ ወደ ጥጉ አላየችም።

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።"

ሠርፀ ፈረመ።