መካከሉን ኮምፒውተሩ ይሞላዋል

እንቁላል በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ። «ቀስ በቀስ» የሚለውን ተረት እየሰማን ያደግን ሰዎች እውነትነቱን ጠይቀን አናውቅም። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለው ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ እንቁላል ሁለት ቀጫጭን እግር አውጥቶ ሲራመድ በዓይኔ አየሁ። ያስኬደችው ተከራዬ ቤዛ ናት። ፎቁ ላይ አንድ ክፍል ይዛ በኮምፒውተር አኒሜሽን ትሠራለች።

እንቁላሉን ያሳየችኝ እንጀራሽ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃት ነው። ከስክሪኑ ሥር አንድ ረጅም መስመር አለ፤ ታይምላይን ይሉታል። መስመሩ ፍሬም በሚባሉ ትናንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሏል፤ ለአንዲት ሰከንድ ሃያ አራት። ከእኔ የባሰ ቆጣሪ አገኘሁ። ከፍሬሞቹ መካከል ደግሞ ቁልፍ ፍሬም የሚባሉ አሉ አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ፒያሳ ላይ የሸሚዝና የካፖርት ቁልፍ የሸጥኩ ሰው ነኝ፤ በቁልፍማ ማን ይቀድመኛል? እንቁላሉ እዚህ ይነሳል፣ እዚያ ያርፋል ብላ ሁለት ቦታ ምልክት ታደርጋለች። መካከሉን ኮምፒውተሩ ይሞላዋል።

ምነው ለእኔም እንዲህ ያለ ማሽን በኖረ! የእኔ ቀን ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ጠዋት ጊዮርጊስን ተሳልሜ እመለሳለሁ፣ ማታ ዜና አያለሁ። መካከሉን የሚሞላው የለም። ባለቤቴ አርፋለች። ልጆቼ ከከተማው ዳር ዳር ሰፍረዋል፤ በበዓል ይመጣሉ። ጎረቤቶቼም ሰፈሩ ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ። የምጣላው ሰው እንኳ አልቀረልኝም።

አንድ ቀን ቤዛ ላፕቶፗን ይዛ ወረደች። ለሕፃናት የሚሆን ፊልም ጀምራለች። ሽማግሌ ሲገባ ቤተሰቡ «ኖር» ብሎ ይነሳል። ጋሽ ወርቁ እስቲ ይዩልኝ አለች። አየሁ። አራቱም ሰዎች እንደ ሊፍት ቀጥ ብለው ወጡ። ይሄ ኖር አይደለም፣ ባንዲራ ሲሰቀል ነው አልኳት።

ኖር መቆም ነው እንዴ? ኖር ለመቆም ማሰብ ነው። መቀመጫ ከወንበሩ ትንሽ ይለቃል፣ እጅ ጉልበት ላይ ያርፋል። ያኔ እንግዳው ፈጠን ብሎ «በእግዜር፣ በእግዜር» ካላለ ጥፋቱ የእሱ ነው። እሷ አንዱን ቁልፍ መቀመጡ ላይ፣ ሌላውን መቆሙ ላይ አድርጋለች። ዋናው ቁልፍ ያለው መሃል ነው አልኳት።

«መካከሉን እኮ ኮምፒውተሩ ነው የሚሞላው» አለች።

ኮምፒውተርሽ አራዳ አላደገም አልኳት። ሳቀች። እዚህ ቤት ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

ለመሆኑ እኔን ኖር ያለኝ ሰው መቼ ነበር? ባለፈው አንድ ካፌ ስገባ አንድ ወጣት ከወንበሩ ብድግ አለ። ደስ ብሎኝ «በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጥ» አልኩት። ለካስ ስልኩን ሶኬት ላይ ሊሰካ ኖሯል። «ፋዘር፣ ቻርጅ ዘግቶብኝ ነው» ብሎኝ አለፈ። ማኪያቶዬን ግድግዳ እያየሁ ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤዛ ከምሳ በኋላ ትወርዳለች፣ እኔ ስህተት እፈልጋለሁ። እውነቱን ላውጋችሁ፤ ብዙ ስህተት አልነበረውም። ግን ፊልሙ ካለቀ እሷም ወደ ክፍሏ፣ እኔም ወደ ዝምታዬ ነን። ስለዚህ አበዛሁት። አንድ ቀን የሽማግሌው ዓይን ቶሎ ይጨፈናል አልኩ። ሌላ ቀን ጋቢው ከትከሻው ሲንሸራተት ይፈጥናል። ደግሞ ከዘራውን በቀኝ እጁ ይዞ ሰውን በምኑ ሊጨብጥ ነው? በግራው ከያዘውስ ቀኙ እንደ ባዕድ ለምን ይንጠለጠላል?

«ጋሽ ወርቁ፣ እርስዎ ሰውን ፍሬም በፍሬም ነው እንዴ የሚያዩት?» ትለኛለች። ቁልፍ ነጋዴ ሸሚዝ አያይም፣ የጎደለውን ቁልፍ ነው የሚያየው እላታለሁ።

ትናንት ታዲያ የሽማግሌው ቀኝ እጅ ተመልሶ ተንጠልጥሎ አየሁት። እኔ ፊት ነበር ያስተካከለችው። ጋቢውም እንደገና ይፈጥናል። ሽማግሌ ይረሳል ብላ ይሆን? ልጄ፣ ይሄን እኮ አስተካክለሽው ነበር አልኳት።

እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። «ፊልሙን ላሠሩኝ ሰዎች ካስረከብኩ ቆየሁ» አለች። «ወደውታል። በተለይ ኖሩን።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔው ነኝ መልሼ ያበላሸሁት። ላይ ቤት ብቻዬን ነኝ፣ ጋሽ ወርቁ። ያለ ጉዳይ ወርጄ ምን እላለሁ?»

አያችሁልኝ? እኔ ሥራ አዘገየሁባት ብዬ በብልጠቴ ስኮራ፣ እሷ ያለቀ ሥራ ስታፈርስልኝ ከርማለች። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ማለት ይሄ ነው። ልጆቼን የጀመራችሁትን ጨርሱ እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። ጨርሰው ሄዱ። ክፉ ምክር ነው የመከርኳቸው።

መነጽሬን አጠለቅሁና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልኩ። የእጁስ ይሁን፣ ጫማው ግን ሲረግጥ ቅንጣት አቧራ አያስነሳም አልኳት።

«አቧራ ከባድ ነው» አለች። «ወር ይፈጃል።»

ይፍጅ አልኳት።