ክብርት ኩንዳ ታይ፣ የሴቶች ፉርጎ አስተዳዳሪ

ትልቅ ከተማ ያለ ከንቲባ ዓመት ሊከርም ይችላል፤ ማንም ሳይሾማት የምታዝ አንዲት ሴት ከሌለችው ግን እስከ ምሳ ሰዓት አይደርስም። እንዲህ ያለችው ሴት በየሰፈሩ፣ በየአውቶቡሱ ሰልፍ፣ በየሆስፒታሉ በር አለች። የእኛዋ የተመደቡት፣ ማን እንደመደባቸው ባይታወቅም፣ ጠዋት ከሰሜኑ ጫፍ፣ ከቪራር ተነሥቶ ሙምባይ መሀል በሚገባው ፈጣን ባቡር፣ በሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ ነው።

ሙሉ ስማቸው ኩንዳ ሳዋንት ነው። እኛ ታላቅ እኅት ለማለት "ታይ" እንላቸዋለን። ከባቡሩ ሲወርዱ የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ጸሐፊ ናቸው ይባላል፤ እኔ በበኩሌ እኚህ ሴት አለቃ አላቸው የሚለውን ወሬ አላምንም።

የሥልጣናቸው መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፦ "የት ነው የምትወርጂው?" ቦሪቫሊ ጣቢያ የምትወርደዋ ወንበር ለማን እንደሚተላለፍ፣ ራቅ ብሎ ዳዳር የምትወርደዋ ለማን እንደሚደርስ፣ ባቡሩ ገና ሳይንቀሳቀስ ተወስኖ ያልቃል። ይግባኝ የለም። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛዋን ሲያስቀምጡ፣ "ጠጋ በሉ እንጂ! ከተማው ለሁላችን በቅቶ ወንበሩ ያንሳል?" ይላሉ። አራተኛዋ የምትቀመጠው በግማሽ ጎኗ ነው፤ ቢሆንም አመስግና ነው።

ማታ ስንመለስ ደግሞ ሥራ የፈታ እጅ ማየት አይወዱም። ጭራሽ በማያውቋት ተሳፋሪ ጭን ላይ አተር ይዘረግፉና "ወሬሽን እያወራሽ ፈልፍይልኝ" ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት ዳኛ ፈልፍላላቸዋለች። ዳኛ መሆኗን ሲሰሙ፣ "እንግዲያማ ፈጠን በይ፣ ሰው ማጉላላት ለምዶባችኋል" አሏት።

በከተማ ልማትም ላይ አቋም አላቸው። ቢሮው ሁሉ ወደ ደቡብ ሲከማች፣ ደሞዝተኛ የሚችለው ቤት ደግሞ ወደ ሰሜን ሲሸሽ፣ መሀሉን ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ሐዲድ ሞልቶታል። "ይኼ ከተማ ትልቅ አይደለም፣ ረጅም ነው" ይላሉ። በመስኮቱ የአዲሱን የሜትሮ ባቡር ምሰሶ ሲያዩ ግን ፊታቸው ይፈታል፤ "እዩት፣ ይኼኛውም ከፍ አለ!" ይላሉ፣ የጎረቤት ልጅ ያደገ ይመስል። ሊያልቅ ነው ከተባለ ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው አንድም ቀን ተስፋ ሲቆርጡ አላየሁም።

ምሕረት የሚነፍጉት አንድ ወገን ቢኖር አንዴሪ ወራጆችን ነው። አንዴሪ መንገዱ ገና ሳያልቅ የሚገኝ፣ ሌሎች ባቡሮችም የሚያቆሙበት ጣቢያ ስለሆነ፣ "ለእናንተ ሌላ ባቡር ሞልቶ የለም? የእኛን ምን አጣበባችሁት?" ይሏቸዋል። እኛም ከእሳቸው ተምረን እንደዚያው እንላለን።

ታዲያ በዝናቡ ወራት ሩክሳር የምትባል ወጣት መጣች። እሷና ቤተሰቧ የኖሩበት ሰፈር ለሕንፃ ሲፈርስ ነው ቪራር የገቡት። አንዴሪ ውስጥ የአንድ የጥርስ ሐኪም እንግዳ ተቀባይ ሆና ተቀጥራለች፤ በቤታቸው የወር ደሞዝ ያየች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ችግሩ፣ አንዴሪ ለመውረድ አንዴሪ እስኪደረስ ጠበቀች። በእኛ ባቡር አንዴሪ የሚወርድ ቀድሞ ካለው ጣቢያ፣ ከቦሪቫሊ በፊት ተነሥቶ በሩ ጋ ይሰለፋል፤ አንዴሪ ሲደርስ የተነሣ የሚወርደው ከአንዴሪ አልፎ ዳዳር ነው። ዳዳር ወረደች። በማግሥቱ ቀድማ ተነሣች፤ ግን የመውረጃ መድረክ በሌለበት በኩል ባለው በር ቆመች። አሁንም ዳዳር።

"ሐኪሙ ከእንግዲህ ካረፈድሽ አትምጪ ብሎኛል" አለች እያለቀሰች። "አባቴም ተይው አለኝ። ለትዳር የጠየቀኝ ሰው አለ።"

"ምን አለሽ ሰውየው?" አሉ ታይ።

"ሱቅ አለኝ፣ ሥራ አያስፈልግሽም አለ።"

"እሱ ማን ሆኖ ነው የሚያስፈልግሽን የሚነግርሽ? ነገ እኔ አጠገብ ትቀመጫለሽ።" ወዲያው ደግሞ አጉረመረሙ። "ከዚህ ሁሉ ጣቢያ ደግሞ አንዴሪ!"

በማግሥቱ ሰማዩ ተቀደደ። ከእኛ በፊት ያለው ባቡር ስለቀረ የሁለት ባቡር ሰው አንዱ ላይ ተጫነ። ሩክሳር በትእዛዙ መሠረት በጊዜ ተነሣች፤ ቦሪቫሊ ላይ የገባው ሰው ግን ጠርጎ ወደ ውስጥ መለሳት። "ታይ!" የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ።

"አሳልፏት እንጂ!" አልን።

"አንዴሪ ከሆነች ሌላ ባቡር አልነበረም?" አለች በሩ ጋ የቆመች ወፍራም ሴት፣ አንዲት ጣቷን ሳታነቃንቅ።

ክብርት ኩንዳ ታይ ከመስኮቱ ዳር ተነሡ። እሳቸው የሚወርዱት መጨረሻው ጣቢያ ነው፤ በዚያ ባቡር ደግሞ የተነሣ ሰው ወንበሩን ሰጠ ማለት ነው፣ ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ክንዳቸውን አስቀድመው፣ የልጅቷን የእጅ አንጓ ይዘው፣ "ዞር በሉ! ልጅቷ ሥራ አላት!" እያሉ ገቡበት። ባቡሩ አንዴሪ ሲቆም ሁለቱም መድረኩ ላይ ነበሩ። ታይ ሊመለሱ ዞር ሲሉ በሩ በሰው ተደፍኗል። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። በመስኮት አየኋቸው፦ የለበሱት ሳሪ በስብሷል፣ አንድ እግር ጫማቸው የለም፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ልጅቷን ይቆጣሉ። "ምን ትገተሪያለሽ? ሩጪ!"

ሩክሳር ሮጠች። ያን ቀን በሰዓቷ ገብታለች፤ ዛሬም እዚያው ትሠራለች። ታይ ግን በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈዱ። እወዳቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ብነግራቸው አተር ስለሚያሸክሙኝ ነው ዝም የምለው።

ከአንዴሪ እስከ መጨረሻው ጣቢያ መንገዱ ብዙ ነው። ፉርጎው ውስጥ እጅ ማንቀሳቀሻ ቦታ አልነበረም፤ በአንድ እግር የቆሙ ነበሩ። የመስኮቱ ዳር ወንበር ግን ባዶውን ሄደ። ዳዳር ላይ የገባች አንዲት እንግዳ ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል፣ ያቺ ወፍራም ሴት ከበሩ ሆና ጮኸችባት፦

"ሰው አለው!"