ሃሊና ያልኳት ልጅ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ስም ስላወጣው ሰው ግን ማንም ምንም አይልም። እሱማ ግማሽ አባት ነው፤ በየልደቱ ከፊት ይቀመጣል፣ ጥሩው ሥጋ ይቀርብለታል፣ ስለ ሕፃኗ ፀባይ ሳይቀር አስተያየት ይሰጣል። ቂርቆስ ግቢያችን ውስጥ ኮሌጅ የረገጥኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ይህ ክብር አንድ ጊዜ ደርሶኛል። ባይደርሰኝ ይሻል ነበር።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ጎረቤቴ አስካለ ሁለተኛ ልጇን ወለደች። የልጅቷ ክርስትና፣ ሰማንያ ቀኗ፣ ሲደርስ የአስካለ እናት ከመርሐቤቴ ስም ይዘው መጡ፤ “አትጠገብ” የሚል። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ካዛንቺስ መሥሪያ ቤታችን ሃሊና የምትባል ፖላንዳዊት አለቃ ተሹማብን፣ ለውጭ ሥልጠና የሚላከውን የምትመርጠው እሷ ነበረች። ገባችሁ አይደል?

“አትጠገብ የአሮጊት ስም ነው” አልኩ፣ አሮጊቷ ፊት። “ሃሊና በሏት። ብርሃን ማለት ነው። ፖላንድ ውስጥ ይሄ ስም የሌለበት ቤት የለም።”

አስካለ እናቷን አየች። እናትየው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው “የተማረ ያውቃል፣ እሱ እንዳለ ይሁን” አሉ። በማግስቱ ለአለቃዬ በስምሽ ልጅ ተጠራችልሽ ብላት ሳቀችና “ምስኪን ልጅ!” አለች። ትሕትና መስሎኝ ነበር። ለሥልጠናውም ሌላ ሰው ተላከ።

አስራ አምስት ዓመት አለፈ። አሮጊቷ አረፉ። ባለፈው ቅዳሜ ሃሊና ካዛንቺስ ኢንተርኔት ቤት ቆይታ፣ የታተመ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች።

“ጋሼ፣ ስሜን አየሁት። ብርሃን አይልም። ከግሪክ የመጣ ነው፣ የረጋ ባሕር ምናምን ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ በቃ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ደግሞ በብዛት ይወጣ የነበረው ድሮ ነው። አሁን እዚያ ሃሊና የሚባሉት አያቶች ናቸው።” ሳቀች። “እርስዎ ብርሃን ያሉት ከየት አምጥተው ነው?”

ከራሴ ፈጥሬ ነው አይባል ነገር። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የአያቷ ነጠላ ዓይኔ ላይ መጣና አፈርኩ፤ እንደ ሕፃን አፈርኩ። ሴትየዋ ያን ሁሉ መንገድ ለልጅ ልጃቸው ስም ይዘው መጥተው፣ እኔ ለሥልጠና ብዬ ከአፋቸው ነጠቅኳቸው።

ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ሁሉንም ልናዘዝ አስካለ ቤት ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት ጎትታ አስገባችኝ። ታላቋ ልጇ ሴት ልጅ ተገላግላለች።

“እንኳን መጣህ ወንድሜ፣ ስም እንድታወጣልን ልልክብህ ነበር” አለችኝ።

ደስ አለኝ። እግዜር ካሳ የምከፍልበትን በር የከፈተልኝ መሰለኝ።

“አትጠገብ በሏት” አልኩ።

አስካለ ያቀፈቻትን ሕፃን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገቻት።

“ኧረ ተው” አለችኝ፤ “ምን በደለችህ?”